አገር ባለ ተሰጥኦዋን የምታጣው መቼ ነው? የአናስታሲያ ኩዝሚና ጉዞና የእኛ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2014 ሩሲያ በሶቺ ባስተናገደችው የክረምት ኦሎምፒክ፣ በሴቶች ቢያትሎን በግል ከተካሄዱት አራት ውድድሮች አንዱንም አላሸነፈችም። አንዱን ወርቅ አናስታሲያ ኩዝሚና ለስሎቫኪያ፣ ሦስቱን ዳሪያ ዶምራቼቫ ለቤላሩስ ወሰዱት። አስተናጋጅ አገር በሜዳዋ ብትሸነፍ ብርቅ አይደለም። ይህን ሽንፈት ልዩ የሚያደርገው ሁለቱም አሸናፊዎች በሩሲያ የስፖርት ሥርዓት ውስጥ ያደጉ መሆናቸው ነው። ኩዝሚና የተወለደችው በሳይቤሪያዋ ቲዩሜን ሲሆን እስከ ዓለም ዋንጫ ድረስ ለሩሲያ ተወዳድራለች። ዶምራቼቫ በሚንስክ ብትወለድም ያደገችው በሳይቤሪያዋ ኒያጋን ነው፤ ወደ ቤላሩስ እስከ ተሻገረችበት እስከ 2004 ድረስም በወጣቶች ደረጃ ለሩሲያ ሮጣለች።

አራት ወርቅ፣ በገዛ ሜዳ፣ በገዛ ልጆች፣ ለሌሎች ባንዲራዎች። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ይህን ሒሳብ ነው። ጉዳዩ ከበረዶ ስፖርት የሰፋ ነው፤ ዜግነት ቀይረን ወይም ለመቀየር እያሰብን በየአገሩ የምንሠራ ሰዎችንም ይመለከታል።

ስፖርቱን ለማያዘወትሩ አንባብያን ጥቂት ልበል። ቢያትሎን የበረዶ ሸርተቴ ሩጫንና የጠመንጃ ተኩስን ያጣመረ ውድድር ነው። በሴቶች ስፕሪንት ተወዳዳሪዋ 7.5 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ቆማ በየጊዜው አምስት አምስት ጥይት ትተኩሳለች። ለሳተችው ለእያንዳንዱ ዒላማ 150 ሜትር የቅጣት ዙር ትሮጣለች። ልቧ በኃይል እየመታ እጇን ማረጋጋት አለባት። እንዲህ ያለው ችሎታ በአንድ ክረምት አይገኝም፤ የብዙ ዓመት ሥልጠና፣ አሠልጣኝ፣ የተኩስ ሜዳና ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያን ማፍራት የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ነው የምንለው ይህን ነው።

ኩዝሚና እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ወደ ውድድር የተመለሰችው ግን በሩሲያ ቡድን አልነበረም። በ2008 የስሎቫኪያ ዜግነት አገኘች፤ ባለቤቷ ዳንኤል ኩዝሚንም አሠልጣኟ ሆነ። በ2009 የዓለም ሻምፒዮና ለአዲሲቱ አገሯ ብር አመጣች። በ2010 የቫንኩቨር ኦሎምፒክ የስፕሪንቱን ወርቅ ስትወስድ ጀርመናዊቷን ማግዳሌና ኖይነርን የቀደመቻት በ1.5 ሰከንድ ብቻ ነበር። ስሎቫኪያ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ይህ የመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ ወርቋ ነው። ኩዝሚና በ2014 በሶቺ ስፕሪንቱን ደገመችው። በ2015 ሁለተኛ ልጇን ወልዳ እንደገና ተመለሰች፤ በ2018 በፒዮንግቻንግ ሁሉም ተወዳዳሪዎች በአንድ ላይ የሚነሡበትን ውድድር አሸነፈች። በዚያ ቀን ሁለተኛ የወጣችው ዶምራቼቫ ነበረች። በ2019 በኦስተርሹንድ የዓለም ሻምፒዮና የስፕሪንቱን ወርቅ አከለችበት። የኦሎምፒክ ሜዳሊያዋ ሲደመር ሦስት ወርቅና ሦስት ብር ነው፤ ስሎቫኪያ ያገኘቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት የክረምት ኦሎምፒክ ወርቆች ሁሉ የእሷ ናቸው።

ስለ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከሁለት ትረካዎች አንዱን ነው። የመጀመሪያው የክዳት ትረካ ነው፦ አገር አሳደገች፣ ልጇ ሸሸች። ሁለተኛው የግዢ ትረካ ነው፦ ትንሽ አገር ሜዳሊያ ፈልጋ ፓስፖርት ሰጠች። ሁለቱም ዓይናቸውን የሚጥሉት ድንበሩ በተሻገረበት ዕለት ላይ ነው። እኔ ግን ወሳኙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ይመስለኛል። አገር ባለሙያዋን የምታጣው ባለሙያው ዋጋው ዝቅ ብሎ በሚታይበት ሰዓት ነው፤ ከወሊድ በኋላ፣ ከጉዳት በኋላ፣ ወይም ስሙ ከምርጫ ዝርዝር ትንሽ ዝቅ ብሎ በተገኘበት ወቅት። መሻገሩ ያንን ተከትሎ የሚመጣ የወረቀት ጉዳይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ማስረዳት አይከብድም። በኦሎምፒክ እያንዳንዱ አገር በአንድ ውድድር የሚያሰልፈው ሰው ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ በአትሌቲክስ ሦስት፣ በቢያትሎን የግል ውድድሮች እስከ አራት። ስለዚህ ባለ ተሰጥኦ በበዛበት አገር ስድስተኛዋ ወይም ሰባተኛዋ ሯጭ ለብሔራዊ ቡድኑ የምትጨምረው ነገር ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ያቺው ሰው 5.4 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት ስሎቫኪያ ግን የቡድኑ ምሰሶ ትሆናለች። አንድ ሰው፣ ሁለት ዋጋ። እንዲህ ያለ የዋጋ ልዩነት እስካለ ድረስ ሰው መንቀሳቀሱ አይቀርም፤ በሥነ ምግባር ስብከት ብቻ የሚገታም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፌዴሬሽኑ «ስድስተኛ» ብሎ የመዘገባት ሴት የዛሬዋ ናት፤ የነገዋን ማንም አያውቅም። ልጅ በወለደች ማግስት የኩዝሚናን ችሎታ የመዘነ ሰው ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ሊታየው አይችልም ነበር። ለመሻገር የወሰነችበትን የልቧን ምክንያት እሷ ታውቀዋለች። ከውጭ ሆነን በእርግጠኝነት የምናየው ግን ይህ ነው፦ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ከፍታው ተመልሳለች፣ ሁለቱንም ጊዜ የተመለሰችው በስሎቫኪያ ማሊያ ነው። ትንሿ አገር መጠበቅ ነበረባት፤ ምትክ አልነበራትምና። ብዙ ምትክ ያለው ተቋም ግን መጠበቅን አይማርም።

ብዛት እንዴት እንደሚያዘናጋ ከኬንያ ታሪክ መረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስቲፈን ቼሮኖ ዜግነቱን ወደ ኳታር ቀይሮ ሰይፍ ሰዒድ ሻሂን ተባለ፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና የ3,000 ሜትር መሰናክልን ለኳታር አሸነፈ። ኬንያ ፈቃዷን ስለከለከለች በ2004 የአቴንስ ኦሎምፒክ ሳይሮጥ ቀረ። በዚያ ውድድር ኬንያውያን ወርቁንም ብሩንም ነሐሱንም ጠራርገው ወሰዱ። በሜዳሊያ ሰንጠረዡ ላይ ኬንያ ምንም አልጎደለባትም። በዚያው ዓመት ሻሂን በኳታር ስም ያስመዘገበው 7 ደቂቃ ከ53.63 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ግን የእኛው ለሜቻ ግርማ በ2023 እስኪሰብረው ድረስ 19 ዓመት ቆይቷል። ሰንጠረዡ ስላልጎደለ የጎደለ ነገር የለም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ኪሳራው የሚታየው እንደ ሶቺ ያለ ቀን ሲመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን መምጣት ግድ ይላል፤ ኢትዮጵያም ባለ ተሰጥኦ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ናትና። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ሲጠናቀቅ ከጓደኞቼ ጋር በቴሌቪዥን እከታተል ነበር። ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድስ ወርቁን፣ ትዕግሥት አሰፋ ለኢትዮጵያ ብሩን ወሰዱ፤ ልዩነቱ ሦስት ሰከንድ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ፣ ግማሹ ዝም አለ፣ አንዳንዱም ሁለቱንም አደረገ። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ የገባች ናት፤ ገና ያልሮጠችን ልጅ «ፌዴሬሽኑ አጣት» ማለት አይቻልም። ለባሕሬን የሮጠችው የኦሎምፒክ አሸናፊዋ ማርያም ዩሱፍ ጀማል መንገዷ ሌላ ነው። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ፍርደ ገምድልነት ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር የተቀበላቸው አገር ቦታ ሲሰጣቸው የወጡበት አገር ወረፋው የረዘመ መሆኑ ነው።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ማቃለል አልፈልግም። ሀብታም አገሮች ታዳጊዎችን በገንዘብ ሲያግዙ አይተናል፤ የዓለም አትሌቲክስም በ2017 የዜግነት ዝውውርን እስከ ማገድ የደረሰው ለዚህ ነው። በቀጣዩ ዓመት ያወጣው ደንብ የሦስት ዓመት የጥበቃ ጊዜ ደነገገ፣ ከ20 ዓመት በታች ያሉ እንዳይዘዋወሩ ከለከለ፣ ዝውውሩም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ይህን እደግፋለሁ። ለአንድ ሻምፒዮና ብቻ የሚደረግ ግዢን ያስወድዳል፤ ኑሮዋን በሌላ አገር ለመሠረተች ሴት ግን መንገዱን አይዘጋም። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚያርመው ገዢውን ነው። ላኪዋ አገር የቤት ሥራዋን ራሷ መሥራት አለባት።

የቤት ሥራው ሦስት ክፍል አለው እላለሁ። አንደኛ፣ ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጥበት መስፈርት ከውድድሩ ዘመን በፊት በጽሑፍ ይታወቅ፤ በኋላም አይለወጥ። አራተኛ የወጣች አትሌት ለምን እንደቀረች ካወቀች ለሚቀጥለው ዓመት ትዘጋጃለች፤ ካላወቀች በር ትፈልጋለች። ሁለተኛ፣ በወሊድና በጉዳት ጊዜ ደመወዝ፣ ሕክምናና የመመለሻ ዕድል በውል ይረጋገጥ። ይህ ከቸርነት አይቆጠርም፤ የወደፊት ዋጋው በማይታወቅ ንብረት ላይ የሚገዛ ርካሽ መድን ነው። ሦስተኛ፣ አትሌት ዜግነት ስትቀይር ተቀባዩ ፌዴሬሽን ላሳደጋት ክለብ የሥልጠና ካሳ ይክፈል። እግር ኳስ ይህን ያውቀዋል፤ በፊፋ ደንብ ከዝውውር ክፍያ 5 በመቶው ተጫዋቹን በልጅነቱ ላሠለጠኑ ክለቦች ይከፋፈላል። ገንዘቡ እንደ በቆጂ ላሉ ከተሞች የሥልጠና ሜዳዎች ቢደርስ መሻገር ለላኪው ማኅበረሰብም አንድ ነገር ትቶ ይሄዳል። ክፍያው ግን አትሌቷን የማገቻ መሣሪያ መሆን የለበትም፤ የመክፈል ግዴታው የተቀባዩ ነው፣ የመሄድ መብቱ የእሷ።

ይህን የሚያነብ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ተመራማሪ ነገሩ ከሩጫ ሜዳ እንደሚሰፋ ሳይረዳ አይቀርም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያም የመኖርና የመሥራት መብት ቢሰጥም የመምረጥ መብትን አይጨምርም። ሕጉ የሚያየው ልክ እንደ ክዳት ትረካው የመሻገሪያውን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን የወረፋ ዘመንም፣ ከዚያ በኋላ ሊመጣ የሚችለውን መመለስም አይመዝንም። የጥምር ዜግነት ክርክር ብዙ ጊዜ በስሜትና በታማኝነት ቋንቋ ይካሄዳል፤ እኔ ግን ቀዝቀዝ ባለ ጥያቄ ብንጀምር እመርጣለሁ፦ የወጣው ሰው ነገ የሚኖረውን ዋጋ ዛሬ ማወቅ ካልቻልን፣ መመለሻውን ማጥበብ ምን ይጠቅመናል?

ኩዝሚና ለስሎቫኪያ ስትሮጥ ታናሽ ወንድሟ አንቶን ሺፑሊን ለሩሲያ ይሮጥ ነበር። ሁለቱም በሶቺ ነበሩ፤ በአንድ በረዶ ላይ፣ ከአንድ እናት፣ በሁለት ማሊያ። ቤተሰቡ አንዱን «የእኛ» ሌላዋን «የእነሱ» ብሎ መክፈል አላስፈለገውም። አገርም ከዚህ የተለየ ጥበብ አያስፈልጋትም፤ ልጇ በደከመች ጊዜ ቦታዋን ብትጠብቅላት፣ ከሄደችም በሩን ገርበብ አድርጋ ብትተውላት ይበቃታል።