ሰማዩ ይቆየንና ማን ይነግረናል?

በየካቲት 2017 ዓ.ም. የሰማይ እንግዳ ታውጆብን ነበር። «2024 ዋይ አር 4» የተባለ፣ 60 ሜትር ገደማ የሚሆን አለት በታኅሣሥ 2025 ዓ.ም. ምድርን የመምታት ዕድሉ 3 በመቶ ደርሶ ነበር። ሊወድቅባቸው ይችላል ተብለው ከተጠሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በዚያው ወር ጠበብቱ ስሌታቸውን አጥርተው «አይነካችሁም» አሉ። እኛም «ተመስገን» ብለን ቡናችንን አፈላን።

እኔ ግን እጠይቃለሁ። «አይነካችሁም» ባይሉንስ ኖሮ? ወሬውን ቦንጋ ድረስ ማን ያመጣዋል? ለዴቻና ለጨና ገበሬ ማን ይነግረዋል? በየትኛውስ ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይስ በካፍኛ?

«እንጀራ ሳንጠግብ ስለ ኮከብ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። እስቲ የካቲት 2005ን ያስታውሱ። ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሆነ አለት ፈነዳ፤ 1,500 ያህል ሰው ቆሰለ። አብዛኛውን ያቆሰለው አለቱ አይደለም፤ የመስኮት መስታወት ነው። ሰዉ ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ሮጠ፤ የፍንዳታው ነፋስ ዘግይቶ ደረሰ። «ብርሃን ካያችሁ ከመስኮት ራቁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው ባዳነች! ለመሆኑ ይህቺን በሬዲዮ ማስተማር ስንት ብር ይፈጃል?

በሰኔ 1900 ዓ.ም. ደግሞ ሳይቤሪያ ቱንጉስካ ላይ ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን በአንድ ማለዳ ተነጠፈ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበውን የካፋ ደን በዚያ ቦታ ያስቡት። የዱር ቡናችን ዘር እንደ ጤፍ ጎተራ ተከትቶ ዘመናት አይቆይም፤ የሚጠበቀው ዛፉ በቁሙ ሲኖር ነው። ታዲያ ደኑ ከሄደ ምን ይተርፈናል?

እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ ተክለናል፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ሳተላይት አምጥቀናል። እሰየው! አሜሪካኖቹም በመስከረም 2015 ዓ.ም. መንኮራኩር አጋጭተው የአንዲት አለት ምሕዋር ቀይረዋል። አለት መግፋቱ ለጊዜው የእነሱ ሥራ ይሁን። ሰው ማስጠንቀቅ ግን የኛ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ጎፋ፣ በናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ወገኖች ራሳቸው በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስፈልገው ሮኬት አይደለም፤ «ቁሙ፣ ተራራው ገና አልረጋም» ብሎ የሚያስቆምና የሚደመጥ ሰው ነው። ከተራራ የሚወርደውን ያልተዘጋጀንለት ሰዎች ከሰማይ ለሚወርደው እንዴት እንሆናለን?

ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ሳምንት፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ አፖፊስ የተባለ ትልቅ አለት በ32,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ያልፋል። አይመታንም፤ ከአፍሪካ በዓይን ይታያል። ዞኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ያቺን ሌሊት መለማመጃ ያድርጓት። ማን ለማን እንደሚደውል፣ ስልክ ባይሠራ ማን በፈረስ እንደሚሄድ በወረቀት ይስፈር። ያ ወረቀት ለናዳውም፣ ለጎርፉም፣ ለሰደድ እሳቱም ያገለግላል።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ሞልቶናል። ሳይቃጠል በቅጠል!