ለጅቡ በር ተሠርቶለታል፤ ለአህያውስ?

የሠፈራችን ልጆች አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያወሩልን ስድስት ኪሎ ስላዩት አንበሳ ነው። «ተኝቶ ነበር፤ ብንጠራው ብንጠራው ዞር ብሎም አላየን» ይሉናል። እኛ ደግሞ «ምን ያድርግ ታዲያ?» እንላለን።

አንበሳ ግቢ በ1948 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሲቋቋም ክፍሎቹ በክብ የተደረደሩት ሰው ዙሪያውን እየዞረ እንዲያይ ነው። ለተመልካቹ በደንብ ታስቦለታል ማለት ነው። ለአንበሳው ግን ከሰው ዓይን ዘወር የሚልበት ጥግ ሊታሰብለት ይገባ ነበር። እነዚያ አንበሶች እኮ ተራ አይደሉም፤ ጥቁሩ ጎፈራቸው እስከ ደረትና ሆዳቸው ይወርዳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የ15ቱ ዘር ተመርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑ ታውቋል።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ከታሰበበት ቆይቷል። በ1907 እ.ኤ.አ. ሐምቡርግ አጠገብ ካርል ሐገንቤክ የተባለ ጀርመናዊ (ራሱ የአውሬ ነጋዴ ነበር፣ ጻድቅ አናድርገው) የብረት ፍርግርጉን አንስቶ በጥልቅ ቦይ ተካው። አስቀድሞም እያንዳንዱ አውሬ ምን ያህል እንደሚዘል ለካ። ኋላም ሄዲገር የተባለ የስዊስ ሊቅ ማንኛውም አውሬ ሰው ሲቀርበው የሚሸሽበት የራሱ ርቀት እንዳለው አስተማረ። ግቢው ከዚያ ርቀት ከጠበበ እንስሳው ቀኑን ሙሉ እንደተሸበረ ይውላል።

ነገር ግን ሐምቡርግ ድረስ ምን አስኬደን፤ ሐረር አለች አይደል! የጀጎል ግንብ ላይ ከመሬት ዝቅ ብለው የተከፈቱ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። የከተማው ትልልቅ በሮች ሌሊት ይዘጉ በነበረበት ዘመን ጅቡ በዚያ ሹልክ ብሎ ይገባ፣ የተጣለውን አጥንት ይለቅም፣ ሳይነጋ ይወጣ ነበር። ሰው በበሩ፣ ጅብ በቀዳዳው። አቦ፣ ከዚህ የበለጠ ብልኃት የት ይገኛል? ግንብ ሠሪው የጅቡን ቁመትም ጠባይም ያውቅ ነበር። ለአሹራ ገንፎ በቅቤ የሚያቀርብለት ሕዝብ ስለሆነ አይገርምም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ ቀፊራ ለመናገር ነው። እኛ ሠፈር አንበሳ የለም። ግመልና አህያ ግን በየቀኑ ጭነት ይዘው ገበያችን ይመጣሉ፤ ጭነቱ ከወረደም በኋላ በድሬ ፀሐይ ታስረው ይቆማሉ። የምንበላውን አትክልትና የምናነደውን እንጨት ያመጡልን እነሱ ናቸው። ልጆቻችን ስለ አንበሳው ያዘኑትን ያህል በደጃቸው ስለቆመው አህያ ሲያዝኑ አላየንም፤ እኛም አላስተማርናቸውም።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባ የጥላና የውሃ ገንዳ ነገር ይነጋገርበት እንላለን። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሰብ ግን ይጠይቃል። ጥላው በምዕራብ በኩልም ይጋረድ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በጎን ነው የሚገባው። ገንዳው አህያና ፍየል የሚደርሱበት ዝቅ ያለ ይሁን፤ ግመሉ አንገት አለው፣ ጎንበስ ይላል። ማሰሪያው አህያው ተኝቶ እንዲያርፍ የሚበቃ ርዝመት ይኑረው።

አንዳንድ ጎረቤቶቻችን «ገንዳ ትንኝ ያመጣብናል» ማለታቸውን ሰምተናል። እውነት አላቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወባው ከተማችንን እንዴት እንዳመሳት አልረሳንም። ስለዚህ ከሥሩ መክፈቻ ይሠራለት፤ ገበያው ሲበተን ውሃው ይፈሰስ፣ ገንዳው ይታጠብ፣ ሌሊቱን ደርቆ ይደር። መክፈቻውን በየማታው ማን እንደሚከፍት በስብሰባው ላይ በስም ይመደብ፤ ያለዚያ ገንዳው ባይሠራ ይሻላል።