ዘዴን ከዘዴ ስለ ማጋባት

አንድ ችግር በተነሣ ቍጥር «በየትኛው ዘዴ ይፈታ?» ብለው አንዱን እንድንመርጥ የሚያስገድዱን ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተዋል። አንደኛው ወገን ከቍጥርና ከሒሳብ በቀር ዕውቀት የለም ይላል፤ ሁለተኛው ሕዝቡን ሰብስቦ ማነጋገር ይበቃል ብሎ ሒሳቡን ይንቃል። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን።

ምስክራችን ጎንደር ናት። በ1947 ዓ.ም. በዚያች ከተማ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የጤና መኮንኑን፥ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያን የተባለውን የአካባቢ ጤና ጠባቂ በአንድ ግቢ አስተምሮ፥ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ላካቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በደምቢያ ሜዳ ወባ የጣለውን ገበሬ ሐኪሙ ቢያድነው፥ ለጭቃ ተብሎ ከደጁ የተቈፈረው ጕድጓድ ውሃ እንዳቈረ ከቀረ ሰውየው ተመልሶ ይታመማል። ቤቱ መድኃኒት የተረጨ እንደ ሆነም የቤቱ እመቤት ለበዓል ግድግዳውን በእበት ስትለቀልቀው መድኃኒቱ ከእበቱ በታች ይቀራል። መዝገቡ ግን «ተረጭቷል» ይላል! ይህን የምታውቀው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የምታወጋው ነርስ ናት። ነገር ግን እርስዋም ስንት ቤት እንደ ተለቀለቀ፥ ርጭቱ ከበዓሉ በኋላ ይሁን ቢባል እስከዚያው ስንት ሰው እንደሚታመም ብቻዋን ልታውቅ አትችልም፤ ለዚህ ቆጣሪው ያስፈልጋታል። ነገሩ የዋዛ አይደለም፤ በ1950 ማለቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን ደጋማ ክፍሎች የተነሣው ወባ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን ገድሏል።

«ይህ የሕክምና ነገር ነው፥ ለአስተዳደር ምን ይረባል?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ኦፕሬሽናል ሪሰርች የሚባለው የአስተዳደር ጥናት ራሱ አወላለዱ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓትሪክ ብላኬት የፀረ አውሮፕላን መድፍን ነገር ሊያጠና ሲነሣ፥ የሒሳብ ሊቃውንትን፥ ፊዚዮሎጂስቶችን፥ የመሬት ቀያሽና የጦር መኮንን ጭምር ሰብስቦ ነበር። ብዙዎቹ ወራሾቹ ግን ቀመሩን ይዘው ጉባኤውን ረሱ።

ማጋባት ስንልም፥ በብዙ ሪፖርት እንደምናየው አንዱ ምዕራፍ የቍጥር፥ ሌላው የውይይት ሆኖ ሁለቱ ሳይተያዩ በአንድ ሽፋን መጠረዛቸውን ማለታችን አይደለም። የነርሷ ወሬ የቆጣሪውን መጠይቅ፥ የቆጣሪው ድምርም ነርሷ የምትሄድበትን ቤት መለወጥ አለበት።

የጤና መኮንኖች ትምህርት በደርግ ዘመን ተቋርጦ ኋላ ተመልሷል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ዛሬ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። እኛ የምንጠይቀው፥ እነዚሁ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ለምን በየክፍሉ ተበትነው፥ አንዱ የሌላውን መዝገብ በደብዳቤ እንዲለምን እንደሚደረግ ነው።