ከዳኛ በፊት ማን ፈረደ?

እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ መታየት የጀመረው «ላው ኤንድ ኦርደር» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎቹ አንስቶ ለሁለት የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ ፖሊስ መርምሮ ተጠርጣሪውን ይይዛል፤ በሁለተኛው ጉዳዩ ለችሎት ቀርቦ ጠበቃ ይሟገታል። ፖሊስ ያለ አግባብ የተቀበለውን ቃል ዳኛ ውድቅ ሲያደርግም እናያለን። ልብ ወለድ እንኳ ፍርድን ከክርክር አያስቀድምም።

እኛስ ምን አየን? የኮሚቴዎቻችን ጉዳይ በችሎት እየታየ ሳለ፣ ጥር 28/2005 ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት»ን አስተላለፈ። የፍርድ ቤት እግድ እንኳ አላስቆመውም። በእስር ላይ ሳሉ የተቀረጹ ወንድሞቻችን መልስ በማይሰጡበት መድረክ በሕዝብ ፊት ሽብርተኛ ተደርገው ቀረቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ግን ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው ይላል፤ አንቀጽ 19 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን ይደነግጋል።

ስለዚህ ክርስቲያን ጎረቤታችን ወይም የሥራ ባልደረባችን ስለ ፊልሙ ሲጠይቀን አንቆጣ። ቁጭ ብለን ስለ ወንድሞቻችን የምናውቀውን እውነት እንንገረው። ከዚያም አንድ ጥያቄ እናቅርብለት፦ ዳኛው ሳይፈርድ ማን ፈረደ?

ትግላችን በሰላማዊነቱ ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ!
ድምፃችን ይሰማ!