ጠመንጃው ላይ የሠሪው ስም አለ፤ ከረጢቱ ላይስ?

ዛሬ የኒውዮርክን ዋጋ ትቼ ስለ አደን ጠመንጃ ልጽፍ ነው። ግር አይበላችሁ፣ ነገሩ በተለይ ዩኒየኖችን ይመለከታል። (ቱርክ ሰራሽ ስል ደግሞ እዚህ በኮንትሮባንድ የሚያዘው ሽጉጥ እንዳይመጣባችሁ። የማወራው በሕጋዊ መንገድ ስለሚሸጠው፣ ወፍ ስለሚታደንበት ሾትጋን ነው።)

ቱርክ ውስጥ ኮንያ አካባቢ ሁግሉ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እንጀራዋ ጠመንጃ መሥራት ነው። ባለሙያዎቹ በ1962 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፣ ልክ እንደኛ ገበሬ ማኅበራት። ይህ ማኅበር ለዓመታት አሜሪካ ውስጥ ሲዜድ በሚባለው የቼክ ብራንድ ስም የሚሸጥ ጠመንጃ ሠርቶ ሲልክ ነበር። ሠሪው ገጠር፣ ስሙ የሌላ።

በዚህ ንግድ ይሄ ብርቅ አይደለም። ስቶገር የሚባለው ሾትጋን ቱርክ ይመረታል፣ ባለቤቱ ግን የጣሊያኑ ቤሬታ ግሩፕ ነው። አሠራሩ ከቤኔሊ የተወሰደ ነው፤ ቤኔሊም የዚያው ግሩፕ ነው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ቤሬታ ከ1526 ጀምሮ የኖረ ስም ስለሆነ የትኛውን በየትኛው ስም እንደሚሸጥ ያውቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በአሜሪካ ሕግ ከውጭ የገባ ጠመንጃ ሁሉ ብረቱ ላይ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገርና የአስመጪው ስም ከነከተማው መቀረጽ አለበት። ሕጉ የወጣው ለወንጀል ክትትል እንጂ ለሁግሉ ታዝኖ አይደለም። ውጤቱ ግን ሌላም ሆነ። ሲዜድ ብሎ የገዛው አዳኝ ብረቱን ሲያገላብጥ ማን እንደሠራለት ያነባል። ሁግሉ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በራሱ ስምም ይሸጣል፤ ገበያው ስሙን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ባይ ነኝ።

የእኛስ? ቡና ቆይው ከረጢቱ ላይ «ኢትዮጵያ» ብሎ ቢያበቃ የሚጠይቀው የለም። በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ የተደረሰባቸው ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የአካባቢ ስሞች ናቸው። ትልቅ ድል ነበር፣ ግን ያጠበውን ማኅበር አይጠሩም። የሚገርመው መረጃው ገዢው እጅ መግባቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ፣ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢገፋም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። እናንተ በየማሳው ዞራችሁ ትለካላችሁ፣ ትልካላችሁ፣ ፋይሉ ቢሮ ይቀራል።

አንዳንድ ዩኒየኖች በሌላ ብራንድ መሸጥን እንደ ውርደት ያዩታል። እኔ አልስማማም። ኮንትራቱን ውሰዱ፣ ኮንቴነር ይንቀሳቀስ፣ ገበሬው በጊዜ ይከፈለው። ነገር ግን ለጠመንጃው ሕግ የሠራለትን እናንተ በውል ሥሩት፤ ቢያንስ ለአንድ ሎት የማኅበሩና የወረዳው ስም ከረጢቱ ላይ እንዲወጣ አንድ አንቀጽ አስገቡ። ገዢው «በፓውንድ ትንሽ ሳንቲም ቀንሱና ይሁን» ካለ ደግሞ ለዚያች ሎት ብቻ አስቡበት። እኔ ብሆን እቀንሳለሁ።

«ለምን ልቀንስ?» የሚል አይጠፋም። በአሜሪካ ከጠመንጃ ግዢ ጋር የሚደረገው የማንነት ማጣሪያ በ2020 ወደ 39.7 ሚሊዮን ደረሰ፣ በ2022 ወደ 31.6 ሚሊዮን ወረደ። ቁጥሩ ሽጉጡንም ሌላውንም ያጠቃልላል፣ ሁሉም ግዢ ነው ማለትም አይደለም፣ ግን የገበያውን መቀዝቀዝ ያሳያል። እንዲህ ሲቀዘቅዝ ብራንዱ ሠሪ ይቀይራል፣ ስሙ የማይታወቀው ሠሪ የሚሄድበት ደጅ የለውም። ቡና በ2025 መጀመሪያ ኒውዮርክ ላይ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ሁሉም ገዢ ስልካችንን ያውቅ ነበር። ሲወርድ ማን እንደሚደውል አብረን እናያለን።

ለአዲሱ ምርት ሳምፕል ልትልኩ የተዘጋጃችሁ፣ አንቀጿን ከዋጋ ድርድሩ በፊት አንሷት፤ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ከዚህ በፊት ያስገባ ዩኒየን ካለ አንቀጹ እንዴት እንደተጻፈ ከታች ያካፍለን።