ጅምር ትምህርትና የቀረበ እንጀራ

ለምረቃ ጥቂት ወራት የቀሩት ተማሪ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢያገኝ የትኛውን ይያዝ? የእናቱን ችግር አይቶ ወደ እንጀራው ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው ትምህርቱን ፈጽሞ የመውጫ ፈተና ላለፈ ነውና፥ በአራተኛው ዓመት ያቋረጠ ሰው የሦስት ዓመት ድካሙ ማስረጃ አይሆነውም። በቅኔ ቤትም ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ ሳይደርስ የወጣ ተማሪ መምህር አይባልም። ስለዚህ የሚችል አስቀድሞ ይፈጽም፤ ችግር ያስገደደውም ዝም ብሎ ከመቅረት በሬጅስትራር በኩል ተሰናብቶ የመመለሻውን በር ይጠብቅ። ሸክሙን ግን በወጣቱ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ቀጣሪው ሹም ቦታውን ጥቂት ወራት ቢያቈይለት፥ ወይም በማታ እንዲማር ሰዓት ቢፈቅድለት፥ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የተሟላ ሠራተኛ ያገኛል። ያልበሰለውን እሸት ቀጥፎ የበላ በመከር ጊዜ ጐተራው ባዶ ቢሆን ማንን ይወቅሳል?