ዓባይን በአማካይ መካፈል

የዓባይ ሙግት ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው አንድ ቁጥር ነው፦ ግብፅና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሳይጠሩ ለክፍፍል መነሻ ያደረጉት 84 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ። ሱዳናዊው የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂር ከባልደረባቸው ጋር በ2017 ያወጡት ጥናት ግን ይህን ስሌት ያናጋዋል። ዓለም ሲሞቅ የወንዙ አማካይ ፍሰት በመጠኑ ሊጨምር ይችላል፤ ከዓመት ዓመት ያለው መዋዠቅ ግን በ50 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ኤል ኒኞ ሲበረታ፣ በ2015 እንደታየው፣ በኢትዮጵያ ክረምቱ ይከዳል፤ ላ ኒና ሲመጣ ደግሞ ጎርፍ ነው።

ታዲያ አማካዩን መካፈል ምን ይፈይዳል? 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚይዘው ሕዳሴ ግድብ የጥጋብ ዓመትን ውሃ ለክፉ ቀን ማቆየት ይችላል። በተከታታይ ድርቅ ስንት እንደሚለቀቅ ግን ሦስቱ አገሮች አልተስማሙም፤ ካይሮም አዲስ አበባም ከድርሻ በፊት መቋጨት የነበረባቸው ይህንን ነው።